ስለ ሹል፥ ስለ ስለታምና ስለ እሾሃማ ነገሮች መግለጫ ቃላት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ፥ በልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ የአማርኛ ቋንቋ ክበብ ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)





 ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ ይኸውም የሚወጋ፥ የሚቆርጥ፥ የሚቧጭርና የሚለበልብ ነገር ሁሉ በአማርኛችን በምን በምን ቅጽል እንደሚገለጽ ነው። ነገሩ ግን እንደ እሾህ ነው፤ ትንሽ ቢሆንም የረገጠው ሰው አይንቀውም።

ይህን ርእስ እንድንመርጥ ያደረገን ምክንያት በየቀኑ በጆሯችን የምንሰማው ነው። እኛ በፎቅ ላይ ተወልደን በፎቅ ላይ ያደግን ልጆች፥ የእርሳሱም ጫፍ «ሻርፕ» ነው፤ የቢላዋውም አፍ «ሻርፕ» ነው፤ በአጥሩ ላይ የተጠመጠመውም ሽቦ «ሻርፕ» ነው፤ ትምህርት ቶሎ የሚገባውም ጓደኛችን «ሻርፕ» ነው እንላለን። አንድ የባዕድ ቃል የአራት ቃላትን ወንበር ይዞ ተቀምጧል። በአባቶቻችን አነጋገር ግን እርሳሱ ሹል፥ ቢላዋው ስለታም፥ ሽቦው እሾሃማ፥ ልጁ ብልህ ነው። አራቱ የተለያዩ ናቸውና ስማቸውም የተለያየ ሆነ።

ይህን ለመመርመር ሩቅ አገር መሄድ አላስፈለገንም። የልደታ ሰፈር ስሙን ያገኘው ግንቦት 1 ቀን በዓሏ ከሚከበረው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን እንደ ሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ኮንዶሚኒየሙ ሲሠራ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሰዎች በአንድ ደረጃ የሚወጡ በአንድ ደረጃ የሚወርዱ ጎረቤታሞች ሆኑ፤ የጎጃሙ ከወሎው፥ የጎንደሩ ከሸዋው፥ ጉራጌው ከኦሮሞው ጋር። ከሰዓት በኋላ ከሕንፃው በታች ፀሐይ የሚሞቁ እማማዎችና አባባዎች፥ እህል የሚለቅሙና ጎመን የሚቀነጥሱ እትዬዎች ሁሉ፥ መዝገባቸው በአፋቸው ያለ መምህራን ናቸው። እየጠየቅን ጻፍን፤ የጻፍነውንም ከመጻሕፍት ጋር አስተያየን።

መጀመሪያ ስለ ሹልና ስለ ስለታም እንናገር። ሹል የሚባለው ጫፉ ነው፤ ስለታም የሚባለው አፉ ነው። መርፌ፥ ወስፌ፥ ምስማር፥ የተቀረጸ እርሳስ፥ የጦር ጫፍ ሹል ናቸው፤ ሥራቸው መውጋት ነው። ምላጭ፥ ቢላዋ፥ ማጭድ፥ መጥረቢያ፥ የቆርቆሮ ጠርዝ ስለታም ናቸው፤ ሥራቸው መቁረጥ ነው። ስለዚህ «ስለታም መርፌ» ቢባል ጆሮ አይቀበለውም። ጩቤ ግን ከጫፉ ሹል፥ ከጎኑ ስለታም ስለ ሆነ ሁለቱም ቅጽል ይገባዋል፤ የጠርሙስ ስባሪም እንዲሁ ነው። ደግሞ ሾጣጣ የሚባል አለ፤ ይኸውም ከሥሩ ሰፍቶ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄደው ነው። የሣር ቤት ጣራ ሾጣጣ ነው፤ ነገር ግን ማንንም አይወጋም። ሾጣጣ ስለ ቅርጽ ይናገራል፤ ሹል ግን ስለ ጫፍ ይናገራል ማለት ነው።

እነዚህ ቅጽሎች እንዴት እንደሚፈጠሩ ስንመለከት የቋንቋችን ሥርዓት ያስደንቃል። እሾህ ከሚለው ስም እሾሃማ ይወጣል፤ ተራራማና ድንጋያማ እንደሚባለው ማለት ነው፤ መብዛትን ያመለክታል። ስለት ከሚለው ስም ስለታም ይወጣል፤ ሀብታም እንደሚባለው ነው፤ ባለቤትነትን ያመለክታል። ወጋ፥ ለበለበ፥ ተናደፈ፥ ቆረቆረ ከሚሉት ግሦች ወጊ፥ ለብላቢ፥ ተናዳፊ፥ ቆርቋሪ ይወጣሉ፤ አድራጊነትን ያመለክታሉ። ሌሎቹ ደግሞ ሻካራ፥ ጎርባጣ፥ ኮስኳሳ፥ ከርዳዳ እየተባሉ የገጽን ሁኔታ ይነግራሉ። ከዚህም በላይ አማርኛ ቅጽሉን እንደ ልብ ያበረታዋል፥ ያለዝበዋልም። ብዙ ጫፍ ያለውን «ሹል ሹል» እንላለን፤ ጥቂት ብቻ የሾለውን «ሾል ያለ» እንላለን፤ ጥቂት የሻከረውን «ሻከር ያለ» እንላለን። መጠኑን ለመግለጽ ሌላ ቃል መበደር አያስፈልግም፤ ቃሉ ራሱ ይጠብቃል፥ ይላላልም።

እንግዲህ ከዐይን ወደ እጅና ወደ እግር እንለፍ። ሹልና ስለታም በዐይን ይታያሉ፤ የሚከተሉት ግን በአካል ካልተነኩ በቀር አይታወቁም። በጫማ ውስጥ የገባ ጠጠር ይቆረቁራል። ያልተስተካከለ ፍራሽ ይጎረብጣል፤ ጎርባጣ መንገድ ማለትም ከዚህ ነው። ሻካራ የሱፍ ልብስ ገላን ይኮሰኩሳል። ገመድ እጅን ይከረክራል። ድመትና ቁጥቋጦ ይቧጭራሉ። እሾህ ይወጋል፤ ንብ ይናደፋል፤ ሳማ ይለበልባል። በኮንዶሚኒየማችን ያልተለሰነ ግድግዳ ላይ ክንዱን ያሳለፈ ልጅ «ቆረጠኝ» ወይም «ወጋኝ» ቢል አያስኬድም፤ «ላጠኝ» ወይም «ቧጨረኝ» ማለት ይገባዋል፤ ግድግዳው ሻካራ ነው እንጂ ስለታም አይደለምና።

ከነዚህ ሁሉ ስለ ሳማ ትንሽ መጨመር እንወዳለን። የሳማ ቅጠል እሾህ አለው ቢባል ልክ አይሆንም። በቅጠሉ ላይ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ናቸው፤ ጫፋቸው እንደ መስታወት የሚሰበር ነው፤ ሲነኩት ተሰብሮ እንደ ሐኪም መርፌ ወደ ቆዳ ይገባል፤ በውስጡ ያለውንም የሚያቃጥል ፈሳሽ ያፈስሳል። ስለዚህ አባቶቻችን «ወጋኝ» ሳይሉ «ለበለበኝ» ማለታቸው ትክክለኛ አስተውሎት ነበር፤ እሳት እንደሚለበልብ ማለት ነው። ይኸው ሳማ በደጋው አገር ሰዎች ዘንድ ሲቀቀል መለብለቡን ይተዋል፤ እህል በሚያጥርበት ወራትም ምግብ ሆኖ ብዙ ቤተ ሰብ አሳልፏል። ለብላቢ የተባለው ቅጠል ከድስት ሲወጣ ለስላሳ ይባላል።

ስለ እሾህ ዓይነቶችም ብንናገር አገራችን ባለጸጋ ናት። ግራር ረጃጅምና ነጫጭ እሾህ አለው፤ አጋም ጠንካራ እሾህና የሚበላ ፍሬ አለው፤ ቀጋ የጽጌረዳ ዘመድ ስለ ሆነ አበባውም እሾሁም የርሷን ይመስላል፤ ኩርንችት በምድር ላይ ተኝታ ባዶ እግሩን የሚሄደውን ትወጋለች፤ ጭጎጎት አይወጋም፥ ግን ልብስ ላይ ተጣብቆ አይለቅም። ቁልቋልን በሚመለከት «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» የሚለውን ተረት ሁላችን ሰምተናል። እናቶቻችን ሲያስረዱን ምሳሌነቱ ይበልጥ ተገለጠልን፤ የአጋም እሾህ ቁልቋልን ሲወጋው ነጭ ወተቱ ይንጠባጠባል፤ ይህ ነው ልቅሶው። በኦሮምኛ ቁልቋል አዳሚ ይባላል፤ የአዳማ ከተማም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ነው ይባላል። እንግዲህ እሾሃማ ነገር ተረትም ከተማም ሰጥቶናል።

ስለ ቀንጣፋ ግን ታሪክ አለ። ቀንጣፋ ቁጥቋጦ ነው፤ እሾሁ ሹል ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላ የታጠፈ ቆልማማ ስለ ሆነ፥ ሲገባ ቀላል ነው፥ ሲወጣ ግን ልብስንም ሥጋንም ይዞ ይቀዳል። ከ1769 እስከ 1771 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአገራችን የቆየው የስኮትላንድ ሰው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ እንደሚተርከው፥ ንጉሡ ለዘመቻ ከመነሣቱ በፊት በየአቅጣጫው ያለው ቀንጣፋ እንዲመነጠር ዐዋጅ ይነገር ነበር። አንድ ጊዜም የወጣቱ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ፀጉርና ልብስ በቀንጣፋ ተይዞ ንጉሡ በሠራዊቱ ፊት ተገለጠ፤ መንገዱን ያላስመነጠረው የአውራጃው ሹምም በሞት ተቀጣ ይላል። አንድ ቆልማማ እሾህ የሰው ነፍስ አስከፈለ። በዚያ ዘመን «ሹል» እና «ቆልማማ» በሚሉት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ለመንገደኛ ቀልድ አልነበረም።

ጃርትም ሊረሳ አይገባውም። ብዙ ሰው ጃርት እሾሁን እንደ ቀስት ይወረውራል ብሎ ያምናል፤ ሊቃውንት ግን ይህ እውነት እንዳልሆነ አረጋግጠዋል። የጃርት እሾህ ፀጉሩ ነው፤ የኛ ጥፍርና ፀጉር ከተሠራበት ነገር የተሠራ ሆኖ የደነደነ ነው። ሲቆጣ ያቆመዋል፤ የነካውም ላይ ተነቅሎ ይቀራል እንጂ አይወረወርም።

የውጭ አገር ሰዎችም ከእሾሃማ ነገር ተምረዋል። በአሜሪካ ጆሴፍ ግሊደን የተባለ ገበሬ በ1874 ለእሾሃማ ሽቦ የፈጠራ መብት አገኘ፤ የቀጋና የአጋም አጥር ያደርግ የነበረውን ሥራ ብረት እንዲሠራው አደረገ። ዛሬ በኮንዶሚኒየማችን አጥር ላይ የምናየው ሽቦ የዚያ ልጅ ልጅ ነው። የስዊስ ሰው ጆርጅ ደ ሜስትራል ደግሞ በ1941 ከአደን ሲመለስ በልብሱና በውሻው ፀጉር ላይ እንደኛ ጭጎጎት ያለ ፍሬ ተጣብቆ አገኘ፤ አጉልቶ በሚያሳይ መሣሪያ ቢመለከተው ጫፉ ቆልማማ ነበር። ከዚህም ተነሥቶ ዛሬ በጫማችንና በቦርሳችን ላይ ቀሽ እያለ የሚላቀቀውን ማጣበቂያ ፈጠረ። እነዚህ ዓመቶችም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ከኛ መካከል ጭጎጎት ከልብሱ ላይ ነቅሎ ያልጣለ የለም፤ ቆልማማ መሆኑን አስተውሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። አስተውሎት የሚጀምረው ትክክለኛውን ቅጽል ከማግኘት ነው።

ወደ ቃላችን እንመለስ። የግእዝ መምህራን እንደሚያስተምሩን እሾህ የሚለው ቃል በግእዝ ሦክ ነው፤ አክሊለ ሦክ ማለት የእሾህ አክሊል ማለት ነው። ስለት ግን ይበልጥ ያስገርማል። ዛሬ በአማርኛ «ሳለ» ስንል ቢላዋ መሳልም፥ ሥዕል መሣልም፥ ጉንፋን ይዞት መሳልም ሊሆን ይችላል፤ «ተሳለ» ስንልም ለልደታ ማርያም ስለት የገባውን ሰው ማለታችን ይሆናል። በግእዝ ግን ሰሐለ ስለት አወጣ፥ ሠዐለ ሥዕል ሠራ፥ ሰዐለ ጉሮሮውን ሳለ፥ ሰአለ ለመነ ማለት ነው። አራቱ ቃላት በፊደላቸው ይለያያሉ። እኛ ፊደሉን ሁሉ አንድ ድምፅ ስላደረግነው ልዩነታቸው ከጆሯችን ጠፋ፤ ከመጽሐፍ ግን አልጠፋም። ፊደል በሥርዓት መጻፍ ለምን እንደሚያስፈልግ መምህራኖቻችን ሲነግሩን ምክንያቱ ይኸው ነው።

ብልህ የሚለውም ቃል የመጣው በግእዝ በልኀ ከሚለው ነው፤ ትርጓሜውም ተሳለ፥ ስለታም ሆነ ማለት ነው። በተቃራኒው ስለቱ የጠፋ ቢላዋ ደነዘ ይባላል፤ ትምህርት አልገባህ ያለውንም ሰው ደነዝ ይሉታል። እንግዲህ አባቶቻችን አእምሮን በቢላዋ መስለውታል ማለት ነው። ምሳሌው ለኛ ለተማሪዎች ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ ምክንያቱም የደነዘ ቢላዋ አይጣልም፥ በሞረድ ይሳላል። የለሰለሰ የወፍጮ ድንጋይም አይጣልም፥ ይወቀራል፤ ሻካራ ሲሆንም እህል ይፈጫል። ትምህርት ቤት ሞረድ ነው፤ መሳሉ ግን ጊዜና ትዕግሥት ይጠይቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። አንዳንድ ሰው «ሹልም ሆነ ስለታም ምን ልዩነት አለው? መግባባቱ ይበቃል» ሊል ይችላል። እኛ ግን ልዩነቱ ጤናና ፍርድ እንደሚነካ ለማስረዳት እንወዳለን።

አንደኛ ስለ ጤና ነው። በዛገ ምስማር የተወጋ እግርና በቆርቆሮ የተቆረጠ እጅ አንድ አይደሉም። የተቆረጠው ብዙ ይደማል፥ ስለዚህ ያስደነግጣል፤ የተወጋው ጥቂት ይደማል፥ ስለዚህ ይናቃል። ነገር ግን መንጋጋ ቆልፍ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ተሕዋስ አየር በማይገባበት ጥልቅ ቁስል ውስጥ ይራባልና፥ የተወጋው ይበልጥ ሊያሰጋ ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ፊት የቀረበ ልጅ «ወጋኝ» ወይስ «ቆረጠኝ» ማለት እንዳለበት ማወቁ ጥቅም አለው። የአረጋውያንም ሕመም እንዲሁ ነው። እማማዎቻችን «ጎኔን ውጋት ያዘኝ» «ሆዴን ቁርጠት ይዞኛል» «ጉልበቴን ቁርጥማት» «ራሴን ፍልጠት» ሲሉ አራት የተለያዩ ነገሮችን መናገራቸው ነው፤ ውጋት እንደ ሹል፥ ቁርጠት እንደ ስለታም፥ ፍልጠት እንደ መጥረቢያ ነው። አብሯት የሄደው የልጅ ልጅ ይህን ሁሉ «ያማታል» ብሎ ቢያሳጥረው፥ ሐኪሙ ከታማሚዋ አፍ የወጣውን ግማሽ ምርመራ ያጣዋል ማለት ነው። ቃሉን የማያውቅ ልጅ የአያቱን ሕመም ሊሸከምላት አይችልም።

ሁለተኛ ስለ ፍርድ ነው። ሰፈራችን ልደታ የፍርድ ቤት ሰፈር ናት፤ በየቀኑ ባለ ጉዳይ ወረቀቱን ይዞ በደጃችን ያልፋል። ምስክር ቆሞ ሲናገር ቁስሉ የተወጋ ነው ወይስ የተቆረጠ፥ መሣሪያው ሹል ነበር ወይስ ስለት ነበረው፥ ወይስ ዱልዱም ነበር ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። በአንዲት ቅጽል ስሕተት ንጹሑ ሊጠረጠር፥ በደለኛው ሊያመልጥ ይችላል። ከፍርድ ቤት አጠገብ የሚያድግ ልጅ ቃልን በሚዛን መናገር ሊለምድ ይገባዋል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ የሚነካን ነው። እሾሃማ ቃል በነገር ላይ ብቻ አይቀርም፤ በሰው ላይም ይሰነዘራል። ምላሰ ስለታም፥ ነገረ ወጊ፥ ጠባየ ኮስኳሳ የሚባል ሰው አለ። በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥም ልጅ በፀጉሩ «ከርዳዳ» እየተባለ፥ በአእምሮው «ደነዝ» እየተባለ ሲጠራ እንሰማለን። ከርዳዳ ፀጉርን ሲገልጽ ቅጽል ነው፤ እየተደጋገመ በልጁ ስም ፋንታ ሲጠራበት ግን እሾህ ነው። የእግር እሾህ በወስፌ ይነቀሳል፤ በሕፃንነት በልብ ላይ የተሰካ ስም ግን ሽበት እስኪመጣ ድረስ ሳይወጣ ሊቀር ይችላል። የስለታም ቃላትን ስም ያጠናን ሰዎች እንደ መሆናችን መጠን፥ ቃልን መሳል ለማስተዋል እንጂ ለመውጋት እንዳይሆን ጓደኞቻችንን እንለምናለን።

በመጨረሻም ስለ ቃላት ጠባቂዎች ትንሽ ተናግረን እንፈጽማለን። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የግእዝን መዝገበ ቃላት ጀመሩ፤ ሳይፈጽሙት ዐለፉ። ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሥራውን ተቀብለው ዕድሜያቸውን ሰጡት፤ እሳቸውም ታትሞ ሳያዩት ዐለፉ። የሳቸው ደቀ መዝሙር ደስታ ተክለ ወልድ አደራውን ተቀብለው መጽሐፉን በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት፤ የራሳቸውንም ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. አወጡ። ብላቴን ጌታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስም የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፋቸውን አሳተሙ። እነዚህ ሊቃውንት ቃል ከአፍ ወደ መጽሐፍ እንዲገባ ደክመዋል፤ ከመምህር ወደ ተማሪ አደራ ባይተላለፍ ኖሮ ግን ድካማቸው መና በቀረ ነበር።

የኛ ፈንታ ደግሞ የሚከብድ አይደለም። እያንዳንዱ ተማሪ በቤቱ ወይም በደረጃው ካሉት አረጋውያን አንዳንድ ቃል እየጠየቀ በደብተሩ ይጻፍ፤ ይህ እንዴት ይባላል፥ ያኛውስ በምን ይለያል ብሎ ይጠይቅ። ወላጆችም ልጆቻችሁ ሁሉን በአንድ ቃል ሲያጠቃልሉ ስትሰሙ፥ ሳትቆጡ ትክክለኛውን ቃል አቀብሏቸው። መምህራንም እንደ ልማዳችሁ እኛን መሳላችሁን አታቋርጡ። ፎቅ ላይ መኖር ከምድር ያርቃል እንጂ ከቋንቋ አያርቅም፤ ቃሉም እንደ እሾህ ነው፤ የረገጠው ብቻ ሳይሆን አጎንብሶ ያየውም ያውቀዋል።